አንድ አስፋልት፣ ሦስት መንገድ

(ኮምቦልቻ ውስጥ ለሚኒባስና ለባጃጅ አሽከርካሪዎች፣ ለወላጆችና ለተማሪዎች በተጠራ ስብሰባ ላይ ያደረግሁት ንግግር ነው። ከድምፅ ቅጂው እንዳለ ነው የገለበጥኩት። የደጋገምኩትንም አላወጣሁም።)

አሰላሙ አለይኩም! ጤና ይስጥልኝ! እንደምን አረፈዳችሁ? ከኋላ ይሰማል? እናንተ በሩ ጋ የቆማችሁ ልጆች፣ ግቡ እንጂ፤ ወንበር አለ። ባጃጃችሁን አይናችሁ ሥር ለማድረግ እንደሆነ አውቃለሁ። አብሽሩ፣ ማንም አይነካውም።

ስብሰባው ለሦስት ሰዓት ነበር የተጠራው። አሁን አራት ሊሆን ነው። ግማሾቻችሁ የዛሬን ገቢ ትታችሁ ነው የመጣችሁት። እኔም ሃያ ምናምን ዓመት መሪ ላይ ነበርኩ፤ ቆሞ የዋለ መኪና ምን እንደሚያስከፍል አልረሳሁትም። ስለዚህ ቶሎ እጨርሳለሁ። ሹፌር "ቶሎ እደርሳለሁ" ሲል ባታምኑት ጥሩ ነው፣ ዛሬ ግን እመኑኝ። (ሳቅ)

አሁን መንጃ ፈቃድ ለሚያወጡ ልጆች አስተምራለሁ። ባለፈው አንዱ ተማሪዬ ምን አለኝ? "መምህር፣ ከደሴ ኮምቦልቻ በስንት ነው የሚነዳው?" አለ። ደብተሩን ከፍቷል፣ እስክሪብቶውን ይዟል። አንድ ቁጥር ነግሬው ጽፎ ሊዘጋው ነው የፈለገው። እኔም "የቱ ጋ?" አልኩት። "እንዴ፣ አንድ መንገድ አይደለም እንዴ?" አለኝ።

እስኪ እናንተ መልሱልኝ። አንድ መንገድ ነው? ከደሴ ፒያሳ ስትነሱ ሱቅ ነው፣ ሰው ነው፣ ጋሪ ነው፣ ተማሪ ነው። ትንሽ ቆይቶ ዶሮ መዝለያ ላይ ናችሁ፤ ባንድ በኩል ገደል፣ ባንድ በኩል ተራራ። ከዚያ ኮምቦልቻ ትገባላችሁ። ሜዳው ይመጣል፣ ፋብሪካው ይመጣል፣ ሲኖትራኩ ይመጣል፣ ሠራተኛው ይመጣል። 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው ሁሉም። አስፋልቱ አንድ ነው፣ መንገዱ ግን ሦስት ነው። ሦስት መንገድ ደግሞ በአንድ ቁጥር አይነዳም።

ሦስት ነገር ነው የምናገረው። አንደኛ፣ ቁጥሩ ከየት እንደሚመጣ። ሁለተኛ፣ ቁልቁለቱ። ሦስተኛ፣ ከተማ መግቢያው። የመጣሁት ለሦስተኛው ነው፤ ሁለቱን መንገድ ላይ የተሳፈሩ አድርጋችሁ ቁጠሯቸው።

አንደኛው። ሕጉ አለ። ለዓመታት የሠራንበት የመንገድ ትራንስፖርት ትራፊክ መቆጣጠሪያ ደንብ ቁጥር 208/2003 ነበር። ፍጥነትን በሁለት ነገር ነበር የሚለየው፤ በመኪናው ክብደትና በመንገዱ ደረጃ። ቀላል መኪና ከተማ ውስጥ በሰዓት ከ60 ኪሎ ሜትር አይበልጥም ነበር። ከከተማ ውጭ፣ አንደኛ ደረጃ መንገድ ላይ እስከ 100 ይሄድ ነበር። መኪናው በከበደ፣ የመንገዱም ደረጃ በወረደ መጠን ቁጥሩ ይወርድ ነበር። ቀይ ክብ ውስጥ ሌላ ቁጥር የተጻፈበት ሰሌዳ ካያችሁ ደግሞ እዚያ ቦታ ላይ ሰሌዳው ነው ጌታ።

ታዲያ ሰዉ ይህን ቁጥር እንዴት ነው የሚያነበው? "60 ተፈቅዷል" ብሎ ነው የሚያነበው። እንደ ምግብ ቤት ዋጋ ዝርዝር፤ 60 ከፍዬ 60ውን ልብላ ይላል። ቁጥሩ እኮ ጣሪያ ነው! ቀን ሲሆን፣ ደረቅ ሲሆን፣ መንገዱ ክፍት ሲሆን ከዚህ አትለፍ ነው የሚልህ። በሐምሌ ደሴ ላይ ጉም ወርዶ የፊትህ መኪና መብራት እንኳ እንደ ሻማ ሲደበዝዝ፣ ያ 60 ያው 60 ነው? ጠጠር ላይ ጎማ መሬት አይጨብጥም። ኮብልስቶን ዝናብ ሲነካው ሳሙና ነው። ይህን ለናንተ አልነግራችሁም፣ ታውቁታላችሁ።

የማታውቁትን ላሳያችሁ። ሲባጎ ይዤ መጥቻለሁ። አንተ ልጅ፣ አዎ ሰማያዊ ጃኬት የለበስከው፣ ና እስኪ ጫፏን ያዝልኝ። ወደ በሩ ሂድ። ቀስ በል፣ ሰዎቹን እንዳትጠልፋቸው። ቀይ ጨርቅ የታሰረበት ጋ ስትደርስ ቁም።

እኔ መኪናው ነኝ። እዚህ መድረክ ላይ ሆኜ አንድ ልጅ አስፋልት ውስጥ ስትገባ አየሁ። አየሁ፣ ደነገጥኩ፣ እግሬን ከነዳጅ አነሳሁ፣ ፍሬን ረገጥኩ። ይህ ሁሉ ለፈጣን ሰው አንድ ሰከንድ ይፈጃል። ስልክ ለሚያወራ፣ ሌሊቱን ሲነዳ ላደረ ሰው ከዚያ በላይ ነው። በ30 እየሄድኩ ከሆነ በዚያች ሰከንድ 8 ሜትር ሄጃለሁ። ከዚያ ፍሬኑ ይይዛል፤ ደረቅ አስፋልት ላይ ሌላ 5 ሜትር ቢሄድ ነው። ድምሩ 13። ቀዩ ጨርቅ እሱ ነው። ቆምኩ።

አሁን በ60 ልምጣ። ያው እኔ ነኝ፣ ያው መኪና፣ ያው ፍሬን። ልጅቷን ያየሁትም እዚያው ቦታ ላይ ሆኜ ነው። በአንድ ሰከንድ ስንት እሄዳለሁ? ወደ 17 ሜትር! ቢጫው ጨርቅ ጋ ሂድ። አያችሁ? ቀዩን አልፏል። ፍሬኑን የነካሁት ቢጫው ጋ ስደርስ ነው። ልብ በሉ። በ30 የመጣው ቆሟል። መስኮቱን ከፍቶ "አንቺ ልጅ፣ አታይም እንዴ?" እያለ እየተቆጣ ነው። በ60 የመጣው ግን ቀዩ ጋ ሲደርስ ገና ፍሬን አልነካም። ገና አልነካም! ልጅቷ ያለችው በሁለቱ ጨርቆች መሃል ከሆነ በሙሉ 60ው ነው የመታት።

ቀጥል፣ ውጣ። በሩን አልፈህ ውጣ። 37 ሜትር ነው የሚቆመው። ደርሰሃል? የት ነህ? ... ባጃጆቹ ጋ ደርሷል። (ሳቅ) ይኸው ነው። ፍጥነት እጥፍ ሲሆን ፍሬኑ የሚይዝበት ርቀት እጥፍ አይሆንም፤ አራት እጥፍ ነው የሚሆነው። 5 የነበረው 20።

ለወላጆች ደግሞ በሌላ ልንገራችሁ። በ30 መመታት ከአንደኛ ፎቅ እንደመውደቅ ነው፤ ሦስት ሜትር ተኩል ገደማ። እግር ይሰበራል፣ አላህ ካለ ይዳናል። በ60 መመታት 14 ሜትር ነው። ከአራተኛ ፎቅ። ከአራተኛ ፎቅ የወደቀ ሰው ስንት ታውቃላችሁ የተረፈ?

ለዚህ ነው በ2012 ዓ.ም. ስቶክሆልም ላይ የተሰበሰቡት አገሮች እግረኛና መኪና በሚቀላቀሉበት መንገድ ከ30 አይለፍ ያሉት። ሰነፍ ሹፌሮች ስለሆኑ አይደለም። ቁጥሩን ሲያወጡ መኪናውን አይተው ሳይሆን አጥንት አይተው ነው።

ሁለተኛው፣ ቁልቁለቱ። ደሴ ከባሕር ጠለል በላይ 2500 ሜትር ገደማ ላይ ነው ያለችው። ኮምቦልቻ 1850 አካባቢ። ከ600 ሜትር በላይ ነው የምትወርዱት። የጫነ መኪና ያን ሁሉ ሲወርድ ክብደቱን የሚይዘው ምንድን ነው? ወይ ፍሬን፣ ወይ ሞተር። ሌላ ነገር የለም።

እኔን ያሠለጠኑኝ ሽማግሌ ሹፌር ነበሩ፤ አሁን በሕይወት የሉም። ረዳታቸው ነበርኩ። አንድ ቀን ዶሮ መዝለያን ወርደን ታች ስንደርስ አቆሙና "ውረድ፣ ታኮ አድርግ" አሉኝ። ታኮውን አደረግሁ። "አሁን ጎማው መሃል ላይ ምራቅህን ትፋ" አሉኝ። ተፋሁ። ምንም አልሆነም፤ ምራቄ ዝም ብሎ ወረደ። ከኛ ኋላ አንድ ሌላ የጭነት መኪና ደርሶ ቆመ። "እዚያኛው ላይ ሂድና ትፋ" አሉኝ። ሄጄ ስተፋ "ጭስስ!" አለ። እንደ ጋለ ምጣድ። ሽታው ደግሞ... የተቃጠለ ፍሬን ሸቶት የማያውቅ ሹፌር እዚህ አለ? የለም። የያኛው ሰውዬ መንገዱም ያው ነው፤ ጭነቱም ያው ነው። እሱ ግን በፍሬን ነው የወረደው፣ እሳቸው በማርሽ ይዘው ነው የወረዱት። "በወጣህበት ማርሽ ውረድ" ይሉ ነበር። ሌላ ትምህርት አልሰጡኝም።

ፍሬን እምቢ የሚለው ድንገት አይደለም። መጀመሪያ ይግላል፣ ከዚያ ይሸታል፣ ከዚያ ፔዳሉ ይላላል። እምቢ ያለ ቀን ወሬ ይሆናል እንጂ የተጀመረው እላይ፣ ደሴ መውጫው ላይ፣ ማርሽ ስትመርጡ ነው። ነዳጅ ለመቆጠብ ብሎ ማርሽ አውጥቶ በዜሮ የሚለቅ ሰው ደግሞ... ስሙን እዚህ አልጠራም። ራሱን ያውቃል። (ሳቅ)

እዚያ ላይ እንግዲህ ሕጉ ስንት ቢልህ ምን ያደርግልሃል? ኩርባው ነው ቁጥሩን የሚሰጥህ። በሁለተኛ ማርሽ ከወረድክ በሁለተኛ ማርሽ ነው ፍጥነትህ። አለቀ።

ሦስተኛው። አሁን ስሙኝ። ስልክ ዝጉ።

ይህን ሁለተኛ ጊዜ ነው በሕዝብ ፊት የምናገረው። 1990ዎቹ መጀመሪያ ላይ ነው። ከአዲስ አበባ ሲሚንቶ ጭኜ እየመጣሁ ነው፣ ፊያት ከነተሳቢው። ከሚሴን አልፌ ጨፋ ሜዳ ላይ ወጣሁ። ጨፋን ታውቁታላችሁ፤ ቀጥ ያለ፣ ለጥ ያለ፣ ከብቱ በሩቅ የሚታይ። 80 ይዣለሁ። ለዚያ መኪና 80 ብዙ ነው፣ ግን ማን ያየኛል? ረዳቴ ተኝቷል። ፀሐይ ነው። ለረጅም ጊዜ እግሬ አንድ ቦታ ላይ ነው።

ከዚያ ሐርቡ መጣች። ገበያ ቀን ነው። እኔ ከተማ መግባቴን አውቄያለሁ፤ እግሬን አንስቻለሁ። ቀንሻለሁ። እንዲያውም በጣም ቀንሻለሁ ብዬ ነው የማስበው፤ የምንፏቀቅ ነው የመሰለኝ። ረዳቴ ነቃና የፍጥነት ጌጁን አይቶ "ጋሼ፣ 65 ላይ ነህ" አለኝ። "አበድክ እንዴ" ልለው አፌን ስከፍት ልጅቷ ገባች።

ሰባት ስምንት ዓመት ቢሆናት ነው። ቢጫ ጀሪካን ይዛለች፣ ባለ አምስት ሊትሩን። ፍሬኑን ረገጥኩት። ተሳቢው ከኋላ ሲገፋኝ ይሰማኛል። መኪናው እያለቀሰ ነው የሚሄደው። ልጅቷን አላይም፤ ከፊያቱ አፍንጫ ሥር ጠፍታለች። ከዚያ "ጧ!" የሚል ነገር ሰማሁ።

ቆመ። ወረድኩ ልበል፣ ወደቅሁ ልበል፣ አላውቅም። ጀሪካኑ ነው ጎማው ሥር የፈነዳው። ልጅቷ ከመከላከያው አንድ ክንድ ርቃ ቆማለች። አላለቀሰችም። አንድ እግሯ ባዶ ነው። አንድ ሽማግሌ ከሕዝቡ መሃል መጡ። ይመቱኛል ብዬ ጠበቅሁ። አልመቱኝም፣ አልሰደቡኝም። ጎንበስ አሉና ጫማዋን ከአስፋልቱ ላይ አነሱ፣ አቧራውን በጋቢያቸው ጠረጉ፣ እግሯ ላይ አጠለቁላት፣ እጇን ይዘው ሄዱ። ወደኔ ዞር ብለው እንኳ አላዩኝም። ጀሪካን ገዝቼ ተከተልኳቸው፤ ልጅቷ ተቀበለችኝ። እሳቸው አሁንም አላዩኝም።

ለምን ነገርኳችሁ? አንድ ነገር እንድትጠይቁ። ቀንሻለሁ ብዬ እያመንኩ እንዴት 65 ላይ ሆንኩ? ሰክሬ አልነበረም። ቸኩዬም አልነበረም።

ወፍጮ ቤት የዋለ ሰው አይታችኋል? ሲወጣ ይጮሃል። እናንተ አጠገቡ ናችሁ፣ እሱ ተራራ ማዶ ያላችሁ ይመስል ይጮሃል። ጆሮው ከወፍጮው ጋር ተስማምቷል። ዓይንም እንደዚያ ነው። ለአንድ ሰዓት 80 ወይም 100 የለመደ ዓይን 60 ሲያይ "ቆሟል" ይላል። ይህ የጥሩ ሹፌርና የመጥፎ ሹፌር ነገር አይደለም፤ ሁላችንም ላይ ይደርሳል። ከሐርቡ ወደ ኮምቦልቻ የሚገባ፣ ከባቲ በኩል የሚመጣ ሁሉ ዓይኑን ገና ከሜዳው አላወጣውም። ሰዓቱ ደግሞ የፈረቃ መለወጫ ከሆነ? ከኢንዱስትሪ ፓርኩ፣ ከጨርቃ ጨርቁ ሠራተኛው በአንድ ጊዜ ይወጣል። ደክሞታል። ሰርቪስ ሊያመልጠው ነው። እያወራ ነው የሚሻገረው። ሹፌሩ ያንቀላፋ ዓይን ይዞ፣ ሠራተኛው የደከመ እግር ይዞ የሚገናኙት እዚያ ነው።

ስለዚህ ከተማ ስትገቡ ስሜታችሁን አትመኑ። ጌጁን እዩ። ስንቶቻችሁ ናችሁ ጌጃችሁ የሚሠራ? እጅ አውጡ። ... አንድ፣ ሁለት... ሦስት። ሦስት ሰው! (ሳቅ) አትሳቁ እንጂ፣ ይህ የሚያስለቅስ ነው። ለቴፑ ስፒከር ትገዛላችሁ፣ ጌጅ ማሠራት ግን ገንዘብ ማባከን ነው አይደል? እስክታሠሩት አንድ ዘዴ ልስጣችሁ። መንገድ ዳር የኪሎ ሜትር ምልክት አለ። ከአንዱ እስከ ሌላው ሰከንድ ቁጠሩ፣ ወይም ረዳቱ ይቁጠር። 60 ሰከንድ ከፈጀ 60 ላይ ናችሁ። 45 ከሆነ 80። 36 ከሆነ 100። ሁለት ሦስት ጊዜ ካደረጋችሁት የሞተራችሁን ድምፅ ትለዩታላችሁ።

ስለ ጉብታም አንድ ነገር ልበል፤ ከርዕሱ ትንሽ እወጣለሁ። ሹፌር ሁሉ ጉብታ ይረግማል። ሾክ አብዞርበር ጨረሰብኝ ይላል። እኔም እረግም ነበር። ግን መንደርተኛው ራሱ ድንጋይና አፈር አምጥቶ የሠራውን ጉብታ ስታዩ ወርዳችሁ ጠይቁ፤ ለማን እንደተሠራ ይነግሯችኋል። የሰው ስም አለው። ቀድሞ የሚሠራ ጉብታ አላየሁም።

አሁን ጥያቄያችሁን አውቃለሁ። "መምህር፣ ይህ ሁሉ ጥሩ ነው፤ ገቢውን ማን ይሞላልኛል?" አይደል? እሺ፣ እናስላው። ከደሴ ኮምቦልቻ 25 ኪሎ ሜትር በሉት። በ50 ሂሳብ ግማሽ ሰዓት ነው። በ60 ሂሳብ 25 ደቂቃ። ያተረፍከው 5 ደቂቃ ነው። በቀን ሦስት ጊዜ ደርሶ መልስ ብትሄድ ግማሽ ሰዓት። ግማሽ ሰዓት ምንም አይደለም አልላችሁም፤ ነገር ነው። ግን መናኸሪያ ውስጥ ተራ ስትጠብቁ፣ "አንድ ሰው፣ አንድ ሰው፣ የሞላ!" እያላችሁ ስትጣሩ የምታቃጥሉት ስንት ነው? ያንን ማን ቆጠረው? ከተማ ውስጥማ ባሰ። ሦስት ኪሎ ሜትር በ60 ሦስት ደቂቃ፣ በ40 አራት ደቂቃ ተኩል። ለአንድ ደቂቃ ተኩል ነው አራተኛ ፎቅ የምንወጣው?

እውነቱን ለመናገር ግን ጥያቄው ለናንተ ብቻ አይደለም። ባለንብረቶች እዚህ አላችሁ? እጅ አውጡ። ... የሉም። አልተጠሩም ወይስ አልመጡም? የቀን ገቢውን ቁጥር የሚቆርጠው ሰው የፍጥነቱንም ቁጥር አብሮ ይቆርጣል። እኔም ስነዳ አንድ ባለንብረት ነበረኝ፤ "ለምን ዘገየህ?" ይለኝ ነበር እንጂ "ለምን ፈጠንክ?" ብሎኝ አያውቅም። በሚቀጥለው ስብሰባ እነሱ ይጠሩ፤ ይህን ለአዘጋጆቹ እዚሁ እየተናገርኩ ነው።

ምክር አላበዛም። "የቸኮለ አፍሶ ለቀመ" የሚለውን ጥቅስ ሚኒባሳችሁ ላይ ለጥፋችሁታል፤ እሱም አብሯችሁ በ90 ይበራል። (ሳቅ) ጥያቄ ካለ ልቀበል።

እሺ እናቴ፣ እርስዎ ይቀድሙ። ማይክ ስጧቸው። ... "ልጄ፣ ለመኪናው ነገርከው። እኛስ እንዴት እንሻገር?"

እማማ፣ ጥያቄዎ ከኔ ንግግር ይበልጣል። እስኪ እናስላው። አስፋልቱ ሰባት ሜትር ስፋት አለው እንበል። እርስዎ ጉልበትዎን ካላመመዎት በአንድ ሰከንድ አንድ ሜትር ቢሄዱ ነው። ስለዚህ ሰባት ሰከንድ ያስፈልግዎታል። በሰባት ሰከንድ በ30 የሚመጣ መኪና 58 ሜትር ይሄዳል። በ60 የሚመጣው 117 ሜትር። ስለዚህ እግርዎን ከማንሳትዎ በፊት 117 ሜትር ድረስ ባዶ መሆኑን ማየት አለብዎት ማለት ነው፣ በግራም በቀኝም።

... "እኔ የባጃጁን ቀለም እንኳ የማየው አጠገቤ ሲደርስ ነው።"

ሰማችሁ? 117 ሜትር ምን ያህል እንደሆነ ግን ማናችንም አይተን አናውቅም፤ ሲባጎዬ 40 ሜትር ብቻ ነው። አንተ ሰማያዊ ጃኬት፣ እዚያው ውጭ ነህ? አትጠቅልለው። እማማን ይዘን እንወጣለን፤ ከበሩ ጀምረን ሦስት ጊዜ እየጣልን እንለካዋለን። ባጃጆቹን አንዴ ዞር አድርጓቸው።